ከሁለተኛ አዳራሽ የቀረሁ ዕለት

ሰው ምርጫ ሲበዛለት ደስ ይለዋል የሚሉ ሰዎች የጉባኤ ፕሮግራም በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ምግብ ቤት ገብቶ መምረጥ ቀላል ነው፤ ቢሳሳቱ የሚጎዳው የራስ ሆድ ብቻ ነው። የጉባኤ ፕሮግራም ግን በአንድ ሰዓት ላይ ሦስት አዳራሽ፣ ሦስት ርእስ፣ ሦስት ተናጋሪ ደርድሮ እስቲ ማን መሆንህን እንይ ይልሃል። በተለይ ሬዚደንት ከሆንክ። ሬዚደንት ማለት፣ ለማያውቀው ልንገረውና፣ ሐኪም ሆኖ ሳለ እንደገና ተማሪ የሆነ ሰው ነው። ለታካሚው ዶክተር ነው፤ ለአለቃው ደግሞ አንተ ልጅ ነው። እኔ የአእምሮ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ።

ጉባኤው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ካሉን ሆቴሎች በአንዱ ነበር። ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ሰው ጉባኤ ማለት ጉዞ፣ አልጋና አዲስ ፊት ነው። ለእኛ ግን ከሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ሄደን፣ በየቀኑ የምናያቸውን ባልደረቦቻችንን በከረባት ማየት ማለት ነው። ቢሆንም ፕሮግራሙን ከሳምንት በፊት ጀምሬ አጠናሁት። በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩ፣ ሰረዝኩ፣ መልሼ አከበብኩ።

ስለ ቀይ እስክሪብቶዬ አንድ ነገር ልበል፤ በክፍላችን ታዋቂ ነው። በቀጠሮው ቀን ያልመጣ ታካሚ ሲኖር ካርዱ ላይ በቀይ "ቀርቷል" ብዬ እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ካርዱን ገልጬ ቀዩን አሳየውና ለምን ቀረህ እለዋለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ከመዘዞ የመጣውም፣ ከደብረ ሲና የመጣውም መንገዱ ሩቅ ነው ይላል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አምኛቸው አላውቅም። የፈለገ ሰው ይመጣል ባይ ነበርኩ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንደኛ አዳራሽ ውስጥ ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች ይነገራል። ተናጋሪው ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የሚናገሩላቸው መድኃኒቶች ደግሞ የእኛ ፋርማሲ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም። ሁለተኛ አዳራሽ "ታካሚዎች ከክትትል ለምን ይቀራሉ?" የሚል ውይይት አለ፤ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎችም ተጋብዘውበታል። ሦስተኛው አዳራሽ ስለ ምርምር አጻጻፍ ነበር፤ እሱን ተናጋሪው ራሱ የመረጠው አይመስለኝም።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሠናይት ጭንቀቴን አቃለሉልኝ። ሁለተኛ አዳራሽ ትገባለህ፣ ሰኞ ጠዋት ለክፍሉ ሪፖርት ታቀርባለህ አሉኝ። እሺ አልኩ። ለተመላላሽ ክፍላችን ነርስ ለሲስተር ጽጌም፣ ድንገት ከተፈለግሁ ሁለተኛ አዳራሽ ነኝ ብዬ ነገርኳት። ክሊኒኩ በጉባኤው ምክንያት ዝግ መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ከሦስት ቀን በፊት በሩ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ፤ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር አጥብቄ።

በዕለቱ ግን በረደ። አገሩን ብርድ ልብስ የሚያለብስ ከተማ እሱ ራሱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ የደብረ ብርሃንን ጠዋት ያየ ያውቀዋል። ሁለተኛ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። በጥላ በኩል ነው፤ የተቀመጡት ሁሉ ጋቢና ካፖርት ተከናንበዋል። አንደኛ አዳራሽ ግን በፀሐይ በኩል ነው። በትልቁ መስኮት የገባው ፀሐይ የኋላ ወንበሮችን አሙቋቸዋል። ሳይንስ ያለው እዚህ ነው አልኩ ለራሴ። ከክትትል የሚቀሩትን እንደሆነ በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ምን አዲስ ነገር ሊነግሩኝ ነው? ሰው ለስንፍናው ጠበቃ ሲቆም አንደበቱ እንዴት ይፈታል! እኛ ይህን ጠባይ ስም ሰጥተን ተምረነዋል፤ መማሩ ግን አላዳነኝም።

አንደኛ አዳራሽ ገባሁ። የስም መፈረሚያው ወረቀት ሲዞር አልፈረምኩም፤ ዶክተር ሠናይት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንደሚያዩ አውቃለሁና በገዛ ፊርማዬ ራሴን ለምን ላጋልጥ? የስልኬን ድምፅ ዘጋሁ፣ ፀሐዩን በጀርባዬ ተቀበልኩ፣ ትምህርቱንም እስከ ሦስተኛው ስላይድ ድረስ በሚገባ ተከታተልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

የነቃሁት በጭብጨባ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ስልኬን ሳይ ሲስተር ጽጌ አራት ጊዜ ደውላለች፤ መልእክትም ልካለች። ጋሽ ሰይድ ከአሊዩ አምባ መጥተዋል፣ አዳራሽህን ነግሬያቸው ወደዚያ ሄደዋል ይላል። መልእክቱ ከተላከ ሰዓት ተኩል አልፎታል።

ጋሽ ሰይድ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ በርበሬና ማሾ የሚነግዱ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዘይነባ ታካሚዬ ናት። አምና ሲያመጧት ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማ ነበር፤ አትተኛም፣ አትበላም፣ የአባቷን እጅ እንኳ ትሸሽ ነበር። መድኃኒቱ ተስማማት። ሰሞኑን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ገበያ ተቀምጣ መሸጥ ጀምራለች። ጋሽ ሰይድ በየወሩ ያንን አቀበት በመኪና ወጥተው፣ አንኮበርን አልፈው ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። በዘይነባ ካርድ ላይ ቀይ ቀለም የለም። የዚያን ቀን ቀጠሮ የጻፍኩላቸውም እኔ ነኝ፤ ስጽፈው የጉባኤው ቀን ገና አልተቆረጠም ነበር። ማስታወቂያውን ስለጥፍ ደግሞ አሊዩ አምባ ተቀምጦ የደብረ ብርሃንን በር ማን ያነባል ብዬ አላሰብኩም።

ኪኒን የማዝላት እስከ ቀጠሮዋ ቀን ብቻ ቆጥሬ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን የዋጠችው በዋዜማው ነው። ብታቋርጥ ምን እንደሚመጣ እኔም እሳቸውም አምና አይተነዋል። ወደ አንኮበርና ወደ አሊዩ አምባ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ አይገኝም።

ወደ ሁለተኛ አዳራሽ ሮጥኩ። ጋሽ ሰይድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ የተሳታፊ ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። በር ላይ የነበረችው አስተናጋጅ ከተጋበዙት የሃይማኖት አባቶች አንዱ መስለዋት አስፈርማ፣ ቦርሳና ውሃ ሰጥታ አስገብታቸዋለች። እሳቸውም ዶክተሩ እዚህ ነው ስለተባሉ ይመጣል ብለው ጠበቁኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር እያሉ ያዩ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም።

ሲያዩኝ ተነሥተው ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የማዘዣ ወረቀት በኪሴ ስላልነበረ ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ስለ ዘይነባ ጠየቅኳቸው። አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፣ ገበያዋን እንዳላስፈታት ብዬ ነው ብቻዬን የመጣሁት አሉ። ከዚያ ሪፖርቱ ትዝ አለኝ። አዎ፣ በዚያ ሰዓት ሪፖርቱ ትዝ አለኝ፤ ሰው እንዲህ ነው። ስብሰባው ላይ ምን ተባለ አልኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ነጋዴ ናቸውና የሰሙትን አይረሱም። አንዱ መንገድ ይርቃል አለ፣ አንዷ ደግሞ ሲሻላቸው ድነናል ብለው ይተዉታል አለች አሉኝ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ይጠፋል ተብሏል፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ማለትም ተነሥቷል። አንድ ቄስ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ይህን እኛው እናስተምር ብለዋል፤ ደግ ሰው ናቸው፣ አጠገቤ ነበር የተቀመጡት አሉ። እያንዳንዱ ሰው የተናገረውን በተራው፣ ከነአነጋገሩ አወረዱልኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ አሉ በመጨረሻ። ምን ቀረ አልኳቸው።

"የሐኪሙ መቅረት" አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። "ቀጠሮውን የጻፍከው አንተ ነህ ልጄ። እኔ መጥቻለሁ።"

ታዲያ እዚያ ለምን አልተናገሩትም አልኳቸው።

"በሌለህበት?" አሉኝ። "እሱማ ሐሜት ነው።"

መድኃኒቱን የአንድ ወር አዝዤ የአንድ ሳምንት ትርፍ ጨመርኩበት፤ ሐኪሙ ቢቀርስ? መናኸሪያ ስንደርስ መኪናው ሞልቶ ሊነሣ ነበር፤ ሾፌሩ ጋሽ ሰይድን ያውቃቸዋልና ቆመላቸው። የጉባኤውን ቦርሳ ሊመልሱልኝ ፈለጉ። የተሳታፊ ነው፣ የእርስዎ ነው አልኳቸው። ኪኒኑን እዚያው ውስጥ አድርገው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን ያለ ማስታወሻ አቀረብኩ፤ ጋሽ ሰይድ እንደነገሩኝ፣ ቄሱንም ሳልረሳ። የሐኪሙን መቅረትም አንድ ተሳታፊ ያነሡት ብዬ ጨመርኩ። ዶክተር ሠናይት እስካሁን ካቀረብከው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አሉኝና የሁለተኛ አዳራሽን የፊርማ ወረቀት አወጡ። ስሜን ከላይ እስከ ታች ፈለጉት፤ የለም። ሰይድ የሚል ስም ግን አገኙ፤ የሥራ ድርሻ በሚለው ዓምድ ላይ "የዘይነባ አባት" ተብሎ ተጽፏል። ዘይነባን ክፍላችን ሁሉ ያውቃታል። ዶክተር ሠናይት መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ፀሐዩን ጭምር። ለተሳታፊዎች ከመጣው ምስክር ወረቀት መካከል የጋሽ ሰይድን መዝዘው፣ ይህን አንተው ራስህ ትሰጣለህ አሉኝ። የእኔ አልነበረም፤ የትም ስላልፈረምኩ የትም አልተገኘሁም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥበቃው በሩን ሲከፍት እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ጋሽ ሰይድ ዘይነባን ይዘዋት መጡ። ምስክር ወረቀቱን ስሰጣቸው እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው ተቀበሉት። ዘይነባ አባቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ "ሙሉ ጊዜ በመገኘት" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

ከዚያ ቀና ብለው ያንተስ የታል አሉኝ። የለኝም፣ ቀርቼ ነበር አልኳቸው። አዝነውልኝ ይሁን ቀልደውብኝ እስካሁን አላወቅሁም።

"መንገዱ ርቆብህ ነው?" አሉኝ።

ከአንደኛ አዳራሽ እስከ ሁለተኛ አዳራሽ፣ የሻይ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ሃያ እርምጃ ነው። ሄጄ ለክቼዋለሁ።

"አዎ፣ ሩቅ ነው" አልኳቸው።