ጥሩዬን ለድጋፍ የጠየቁ ሽማግሌዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ነው የምናገረው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። እኔ ፈቺ አልፈለግሁም፤ እንዳየሁት አወራዋለሁ።

አስቀድሜ ግን የወረቀቱን ነገር ልንገራችሁ። ልጄ ጥሩዬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ በያዛት ሕመም እግሮቿ አይሸከሟትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። ቤታችን ደሴ ነው፤ ከአስፋልቱ በላይ፣ አቀበቱ ላይ። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ግቢ ብሏታል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት መድረስ አለባት። ቁልቁለቱን የሚያወርዳት ሰው ካልተገኘ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የእኔ ጉልበት አልቋል።

ከቀበሌ ወረቀት ሰጡኝ። ወጪው የተሸፈነ ድጋፍ ተፈቅዶላታል፤ ከሦስት ድርጅቶች አንዱን ምረጡ ይላል። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ዘጠኝ ቀን እዚያው ከረመ። ለጥሩዬ አላሳየኋትም። ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን በር ጠብቄያለሁ፤ የሚገባውንና የማይገባውን ለይቶ ማወቅ ሥራዬ ነበር። ከሦስቱ ድርጅቶች አንደኛው በጎኑ ትልልቅ ጽሑፍ ያለበት መኪና አለው። እሱን መረጥኩ። ሦስተኛው የላከው ሰውዬ ብቻውን በእግሩ ነበር የመጣው። ገና ከበር ላይ፣ «ልጅዎ ስሟ ማን ነው? ላነጋግራት?» አለኝ። ተኝታለች ብዬ መለስኩት። አልተኛችም ነበር። ባለ መኪናዎቹን ሐሙስ ከሰዓት መጥታችሁ አስፈርሙኝ አልኳቸው። ትናንት ሐሙስ ነበር።

በሕልሜ ከቤት ስወጣ ጦሳ ተራራ በጎኑ ተኝቷል። አቀበት የሚባል ነገር የለም፤ ሰፈሩ እንደ ጠረጴዛ ተንጣሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ልጅህ ሰኞ ሥራ ትገባለች ሲሉ ሰማሁ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ደጃፌ ላይ ሽማግሌዎች ቆመዋል። በሱፍ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ አንገታቸው ላይ የድርጅት መታወቂያ ተንጠልጥሏል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ምንድን ነው ጉዳያችሁ?»

«ልጅዎን ለድጋፍ እንዲሰጡን ለመለመን ነው።»

ደስ አለኝ። ሰው ድርጅት ደጅ ሲጠና እንጂ ድርጅት ሰው ደጅ ሲጠና አይቼ አላውቅም። ካፖርቴን ቆለፍኩና እንደ ልማዴ አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ከፊተኛው ኪስ አራት ማኅተምና አንድ ማይክሮፎን ወጣ። ወገን ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥምና፣ «ሰባት ቤት ቁጠሩ» አልኳቸው።

የፊተኛው ከዘራውን ተደገፈ። «ድርጅታችን የፕሮጀክት ልጅ ነው። ፕሮጀክት የፕሮፖዛል ልጅ፣ ፕሮፖዛል የጥናት ልጅ፣ ጥናት የወርክሾፕ ልጅ፣ ወርክሾፕ የአበል ልጅ...»

አበል ላይ ሲደርስ ሁሉንም ሳል ያዛቸው።

«ከአበል በላይስ?»

«ከአበል በላይ አይቆጠርም፣ ጋሽ ይመር።»

አለፍኩት። «ምን አላችሁ?»

«መኪና አለን።»

መኪናው ቆሟል። ጽሑፉ ከመኪናው ተርፎ እስከ ፒያሳ ተዘርግቷል፤ ሰዎች ፊደሎቹ ላይ ልብስ አስጥተዋል።

«ልጄ ትሳፈርበታለች?»

«አይ፣ እሱ ጽሑፉን የሚሸከም ነው።»

«ረዳቷስ መቼ መቼ ይመጣል?»

«ማክሰኞ ከሰዓት።»

«ሽንት ቤትስ ስትፈልግ?»

«እሱም ማክሰኞ ከሰዓት።»

«ደንብ ያለው ቤት ነው» አልኩ። በሕልሜ የእውነት ደንብ መሰለኝ።

ከሁለተኛው ድርጅት የመጡት ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ ተሸክመዋል። «ብርድ ልብስ እንሰጣታለን» አሉ።

«አላት እኮ።»

«እንደርብላታለን።»

«ቁልቁለቱን ማን ያወርዳታል?»

«ስለ ቁልቁለት ሥልጠና እንሰጣታለን፤ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጣ።»

ከሁሉም ኋላ አንድ አህያ ቆሟል። ብቻውን ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል።

«አንተስ፣ ሽማግሌዎችህ የት አሉ?»

«የሉኝም» አለ አህያው። «አንድ ጥያቄ ነው የያዝኩት። እሷ በስንት ሰዓት ነው የምትፈልገኝ?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። «ልጅቷ ትጠየቅ ነው የምትለው? ሽማግሌ ባይኖርህ ነውር እንኳ አታውቅም?»

እኔም አፈርኩለት። ወግ ወግ ነው፤ ልጅ ስትዳር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች እንጂ አትጠየቅም። «ከደጃፌ ዞር በል» አልኩት። አልተቆጣም። ቁልቁለቱ ወደነበረበት ሄዶ ቆመና መጠበቅ ጀመረ።

ወዲያው ራሴን ቀበሌ አገኘሁት። ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ባለጉዳዩ ጥላ ሥር መስኮት ከፍቶ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ቁጥሩን ይዞ ለአንዲት ጎመን ሻጭ እጅ ነሣ። «አርባ ሁለት ነኝ፣ እናቴ። እባክሽ ተስተናገጂልኝ።»

«ነገ ና» አለችው። «ማኅተሙን ጎመኑ ይዞት ወጥቷል።»

የቢሮው በር ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ጥሩዬ ወንበሯን እየገፋች ሰተት ብላ ገባች። እኔ ጉበኑ ግንባሬን አለኝ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች።

«ምስኪን! እንዲህ የሆነው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው?» ብላ ጥሩዬን ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እግር አለው» አለች ልጄ።

«ይናገራል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ሻይ ይጠጣል?»

«ይጠጣል። ስኳር አይወድም።»

እኔ ሦስት ማንኪያ ነው የምጨምረው። «ሦስት ማንኪያ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከበሩ በላይ ቀረ።

«ምን አለ?»

«እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚለው» አለች ጥሩዬ።

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። በየቢሮው ስለ እሷ ሲጠይቁኝ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ይህንኑ ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ አይጥ ቧጨረኝ። ወረቀቱ ነው። ወጥቶ እጄ ላይ ቆመና ራሱን ማንበብ ጀመረ። «በሳምንት አሥራ ስምንት የረዳት ሰዓት። የወንበር ጥገና። ወደ ሥራ መመላለሻ። ሰዓቱን የምትወስነው ባለመብቷ ናት። ድርጅቱ ካልተስማማት ትለውጣለች።»

«አንተ ምጽዋት አይደለህም እንዴ?» አልኩት። «የተሰጠን ነገር ይመረጣል?»

«ማን ምጽዋት አለህ? አራተኛ ክፍል ደርሰሃል፤ ልታነበኝ ትችል ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ ጥሩዬ ዞረች። «እህ፣ ለሱ የትኛውን መረጥሽለት?»

«ባለ መኪናውን» አለች ልጄ ዞር ብላ ሳታየኝ።

ሽንቴ መጣ። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሐሙስ» አለ ወረቀቱ።

«እስከ ማክሰኞ ይታገሣል» አሉ ሽማግሌዎቹ። ተያዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገር አልቋል። ከሩቅ የቆመውን አህያ ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ስሙን አላወቅሁትም። ብድግ ስል ጉበኑ ግንባሬን ደገመኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ነቃሁ። በሩ ይንኳኳል።

ከሁሉ በፊት ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ባለ መኪናው ድርጅት የላከው ሰውዬ ማኅደር ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። በሩን የከፈተችለት ጥሩዬ ናት፤ ከፊቱ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጣለች። እሱ በጭንቅላቷ ላይ አሻግሮ እኔን ነው የሚያየው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ለልጅቷ የሚቀረን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ልቀመጥ?»

«ቆይ» አልኩት።

ካፖርቴን ከሚስማሩ አወረድኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ያንቺ ነው። ዘጠኝ ቀን እኔ ጋ ዋለ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይም ጽሑፍ እንዳለው አላውቅም ነበር። ጨርሳ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ረዳታችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል? በየቀኑ?»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አልኩት። «እሷን ጠይቃት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ማኅደሩን ከፍቶ ብዙ ገለበጠ። «እኛ የምንመጣው...» አላት፣ «ማክሰኞ ከሰዓት ነው።»

እንደቆመ ሸኘሁት። መኪናው ቁልቁለቱን እስኪወርድ ድረስ በር ላይ ቆየሁ። ጦሳ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ስገባ ጥሩዬ ስልኳን ይዛ ከወረቀቱ ጀርባ የሦስተኛውን ድርጅት ቁጥር እያየች ትነካካለች።

«አባዬ፣ ያ ባለፈው በእግሩ የመጣው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?»

«አልጠየቅሁትም» አልኳት። «እሱ ግን ያንቺን ጠይቆኝ ነበር።»