ዘካርያስ ወህኒ ቤት ደጅ ሲጠና

ዘካርያስ ላፌቦ ሕልሙን ያየው እሁድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ቀምሶ ጋደም ባለበት ነው። የዕድሜውን እኩሌታ በከተማው ወህኒ ቤት በጠባቂነት ያሳለፈ ሰው ነበር። አንድ ቀን፣ ቶማስ የሚባል ወጣት እስረኛ እንዲገርፍ አዛዡ አዘዘው።

«ክርስቲያን ነኝ፤ አልችልም» አለ።

«እንግዲያው ክርስትናህ ያብላህ!» አለው አዛዡ።

ዘካርያስም የደንብ ልብሱን አጣጥፎ አስረከበና ወጣ። እግዚአብሔር አይጥለኝም ብሎ የፀጉር ማስተካከል ሙያ ተማረ፤ በገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ከፈተ። ሰው ግን ዝር አላለባትም። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለትናንቱ ዘበኛ ማጅራቱን አመቻችቶ ምላጭ ሥር የሚቀመጥ ደፋር ጠፋ። ሚስቱ ዮዲት አንድም ቀን አላማረረችበትም። ዝምታዋ ግን ከምሬት ይልቅ ከበደው።

በሕልሙ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን መቀሱን የያዙት ደንበኞቹ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ። የቆረጡለት ፀጉር ከወለሉ እየተነሣ ተመልሶ ራሱ ላይ ይተከላል።

«ስንቴ እንቁረጥህ?» ብለው ተቆጡት።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ፀጉሩ ነው እኮ!»

«ጠባቂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉና ገፍትረው አስወጡት።

ውጪ የቤተ ክርስቲያናቸውን ፓስተር አገኛቸው። አንገታቸው ላይ ገመድ ታስሮ በጎች እየነዷቸው ነበር። ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ገባ። መድረኩ ላይ የቆመው ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ነው፤ ጣራውን እንዳያፈርስ ጎንበስ ብሏል። ተራራው ጉሮሮውን ጠራረገና «የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት አለችኝ» አለ። «ስለዚህ እላችኋለሁ፣ ከዚህ ተነቅላችሁ ወደ ባሕር ግቡ።»

ምእመናኑ አሜን ብለው ተነሡ። ዮዲትም ነጠላዋን አስተካክላ አብራቸው ወጣች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ዘካርያስ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ።

«አንተስ?» አለው ተራራው።

«ጌታ መንገዱን እስኪያሳየኝ እየጠበቅሁ ነው።»

«እሱም አንተን ሲጠብቅ ደክሞት ቁጭ ብሏል።»

«የት?»

«አንተ በምታውቀው ግቢ።»

ወዲያው ራሱን ወህኒ ቤቱ ደጅ ላይ አገኘው። ዳኞችና ፖሊሶች ለመታሰር ተሰልፈው ደጅ ይጠናሉ፤ አንዳንዱ ቶሎ እንዲያስገቡት ሙክት ጎትቶ መጥቷል። በሩን የሚጠብቀው፣ የደንብ ልብስ የለበሰው ቶማስ ነው።

«ጋሼ ዘካርያስ፣ ምን ፈልገው መጡ?»

«መታሰር ፈልጌ።»

«ምን አጥፍተው?»

«አልገርፍም ብዬ።»

ቶማስ ራሱን ነቀነቀ። «በሱማ አናስርም። ለመሆኑ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ እኔን ማን እንደገረፈኝ ያውቃሉ?»

ዘካርያስ አያውቅም። በእውኑም ቢሆን ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ሸሚዜን ልግለጥልዎት?»

«ተው! ተው ልጄ!» ብሎ ዓይኑን ሸፈነ። ከግቢው ውስጥ የሰው ጩኸት ተሰማ። ድምፁን ያውቀዋል፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አቃተው። «ጌታዬ፣ አንተ ነህ?» እያለ በሩን በሁለት እጁ ይደበድብ ጀመር። በሩ አልከፈት አለ። ድብደባው ግን እየበረታ ሄደ፤ እየበረታ ሄደና ዓይኑን ገለጠ።

የሚንኳኳው የገዛ ቤቱ በር ነበር። ዮዲት ከፈተች። የገባው ታናሽ ወንድሙ ስምዖን ነው፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ ሥራ አጥቶ የተንከራተተ፣ ዘካርያስም በየማለዳው ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ልጅ በር ክፈትለት» እያለ ሲለምንለት የኖረ ልጅ። አዲስ የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ጸሎትህ ተሰማ! ተቀጠርኩ። አንተ በለቀቅከው ቦታ!»

ዮዲት እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የባሏን ፊት አየችና ተወችው።

«ግረፍ ቢሉህስ?» አለ ዘካርያስ።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ገና ለገና ምን አስጨነቀህ! ነገ እገባለሁ፤ በል ባርከኝ።»

ስምዖን ኮፍያውን አውልቆ ተንበረከከ። ዘካርያስ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» አለ። ጥቂት ጠበቀና፣ ጮክ ብሎ፣ «አሜን!» አለ።