ባሕር ያላዩት የባሕር ጠበቃ

ባሕር ሳያይ ለባሕር የሚያለቅስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሚዛን ተፈሪዎች ጋሽ ታደሰ አሉልን፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት ናቸው። ትናንት ሻይ ቤት ተቀምጠው ለሌለን ወደብ ሕግ ሲያወጡ ዋሉ።

«ወደቡ ከዳር ርቆ ጥልቁ ውሃ ላይ ይሠራ! ነዳጅ ጠብ ያደረገች መርከብ ትታገድ! ዓሣው ምን በወጣው?» አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

አጨበጨብንላቸው። ቡናችንን የሚገዙን እሳቸው አይደሉ?

አብረን ወደ ቤት ስናዘግም፣ ልጅ ሳለን ዋና የተማርንበት ወንዝ ጋ ደረስን። ከማጠቢያቸው የሚለቀቀው ፍሳሽ አጥቁሮታል።

«እዚህም እኮ ዓሣ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ነበር» አሉ በሐዘን። መሐረባቸውን እንደገና አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙበትና ድልድዩን ተሻገሩ። እኛም አፍንጫችንን በእጃችን ይዘን ተከተልናቸው።