የጠረጴዛ ጄኔራሎች ሊግ

የሰው ልጅ ደስታን ካገኘ በኋላ ያገኘው ሁለተኛው ታላቅ ነገር ደስታን ማደራጀት ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሥራ ፈት ሊደርስበት ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ማኅተምና ከሁሉም በላይ መቀመጥ የማይሰለቸው ወገብ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የሚተረከው፣ እነዚህን ሁሉ ፈጣሪ አሟልቶ የሰጣቸው አንድ ታላቅ ሰው ያደረጉት ተጋድሎ ነው።

ታላቁ ሰው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደወል ሲያስደውሉ፣ ሰልፍ ሲያሰልፉ፣ ሸሚዙን ያዝረከረከውን ሁሉ ሲያስከትቱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚያሰልፉት ነገር አጡ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው በየራሳቸው ኑሮ ተበትነዋል፤ ድመቷም ብትሆን በፈለገችው ሰዓት ወጥታ በፈለገችው ሰዓት የምትገባ ሥርዓት የለሽ ናት። በዚህ መሐል ነው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ያለውን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ክበብ ያገኙት።

ጥግ ይዘው ከሚቀመጡት ቴምብር ሰብሳቢዎች በቀር የክበቡ አባላት፣ ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ባለታክሲውና ባለ ፋርማሲው ሳይቀሩ፣ እርስ በርሳቸው ጄኔራል የሚባባሉ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። የአውራ ጣት አንጓ የምታህል የፕላስቲክ ወታደር ይገዛሉ፤ በቀጭን ብሩሽ እስከ ኮቷ ቁልፍ ድረስ ቀለም ይቀቧታል፤ ከዚያም በትልቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፎም በተቆረጡ ኮረብታዎች መሐል ከጓደኞቿ ጋር ያሰልፏታል። ሁለት ጄኔራሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ በተራው ጦሩን በሜትር እየለካ ያራምዳል፤ ባለ ስድስት ገጽ ዳይ ይወረውራል፤ ዳዩ ጥሩ ቁጥር ካወጣ የጠላት ወታደር ከጠረጴዛው ይነሳል፤ መጥፎ ካወጣ ዳዩ ይሰደባል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ ለዚህ የሚበቃ ሕግ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ርዕሰ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዋጉት ከእህታቸው ባል ጋር ነበር። ይህ ሰው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ከሱቁ በቀጥታ ይመጣል፤ የጦሩንም ጉዞ የሚለካው በዚያው ሜትር ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ ጎንበስ የሚል ጨዋ ነው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ግን ጨዋነቱን ከኮቱ ጋር ይሰቅለዋል።

«አንተ ሌባ! ያ ፈረሰኛ ቅድም ሞቶ የለም እንዴ?»

«ቆስሎ ነው» ይላሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ጭንቅላቱ ተቆርጦ ነው የቆሰለው?»

እንዲህ እየተባባሉ ይውሉና በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ይሸነፋል። ሁልጊዜም ይሸነፋል። ርዕሰ መምህሩን በዚህ ዓለም ላይ «አንተ ሌባ» የሚላቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ሳምንቱን የሚገፉት ይህችን ስድብ እየናፈቁ ነው። ቅዳሜ ባትኖር ኖሮ ምን እንደሚሆኑ እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

እንግዲህ ተራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ ይደሰትበታል። ርዕሰ መምህሩ ግን ተራ ሰው አልነበሩም። አንድ ቅዳሜ ድል አድርገው ሲያበቁ፣ ይህ ሁሉ ድል ያለ ማኅተም ባክኖ መቅረቱ ቆጫቸውና ወንበር ላይ ወጡ።

«ክቡራንና ክቡራት ጄኔራሎች! እስከ ዛሬ ተጫወትን። ነገር ግን ዝም ብሎ መጫወት የትም አያደርስም። ደረጃ ያልወጣለት ደስታ ብክነት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ሊግ እንመሥርት!»

«አንበሳው ማነው?» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

«አንበሳው በሂደት ይለያል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ተጨበጨበላቸው።

ልብስ ሰፊው ብቻ አንገቱን አከከ። «ጋሼ፣ እየተጫወትን እኮ ነው። ሊጉ ምን ይጨምርልናል?»

«ማን ከማን እንደሚበልጥ እናውቃለን።»

«እሱንማ እናውቃለን። እርስዎ ይበልጡኛል።»

«በይፋ አልታወቀም!»

ሊጉ በዚያው ዕለት ተመሠረተ። ርዕሰ መምህሩ ሊቀመንበር ሆኑ፤ ጠበቃው፣ ሰዉ «አንቀጽ» የሚለው፣ ጸሐፊ ሆነ። ለስብሰባ የሚበቃ ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለነበር፣ ጦሩ ለጊዜው ተነስቶ መስኮቱ ደፍ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ስብሰባ ነበር፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ወታደሮቹ ከመስኮቱ ሆነው ጀግኖች ስለ እነሱ ሲከራከሩ ሲመለከቱ ከረሙ፤ ፀሐይ የመታው ቀለማቸው መልቀቅ ጀመረ።

ሥራው ግን ይሠራ ነበር። የመልክዓ ምድር ንዑስ ኮሚቴው የፎሙ ቁራጭ ኮረብታ ነው ወይስ ጉብታ በሚለው ላይ እስከ መጮህ የደረሰ ውይይት አካሂዶ፣ ከታች ሲያዩት ኮረብታ፣ ከላይ ሲያዩት ጉብታ እንዲባል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የቀለም ጥራት ቁጥጥር ለጥርስ ሐኪሟ ተሰጠ። እሷም የሥራ መስታወቷን ከክሊኒኳ ይዛ መጥታ፣ እያንዳንዱን ወታደር በብብቱና በጉልበቱ ሥር እያሾለከች ትመረምር ጀመር። የባለታክሲው ፈረሰኛ ጦር በሙሉ የታገደው በዚህ ምርመራ ነው።

«ፈረሶቹ ጥርሳቸው ቀለም አልተቀባም» አለች።

«አፋቸው የተዘጋ ነው እኮ!»

«ሊከፍቱ ይችላሉ።»

ባለታክሲው ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፈረስ ሲስቅ ታይቶ እንደሚያውቅ ጠቅሶ እግዱን አጸና።

ከዚያ የዳኝነት ጉዳይ መጣ። አንቀጽ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩን አፍታታው። ዳኛ ማለት ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሕጉን የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ስለዚህ ዳኛ የሚሆኑት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ነገር ግን ዳኛ የሆነ ሰው መጫወት አይችልም። ይህ ክርክር ቀዳዳ አልተገኘለትም። ጎበዝ ጎበዙ ጄኔራል ሁሉ በዳኝነት ተሹሞ ከጨዋታ ወጣ። ባለ ፋርማሲው ፊሽካ ተሰጠው፤ ማንም ሮጦ በማያውቅበት ጨዋታ ፊሽካው ምን እንደሚሠራ ባይታወቅም እሱ ግን ካንገቱ አላወለቀውም።

እዚህ ላይ ነበር ርዕሰ መምህሩ በሕይወታቸው ትልቁን ንግግር ያደረጉት። በክበቡ ውስጥ አማቻቸውን ይዘው የገቡ ሰው መሆናቸውን አሰቡ። ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ምን ይላል? ማንም ምንም አላለም ነበር፤ ሰው ሳይል መቅደም ነው እንጂ ታላቅነት።

«ንጽሕና ከራስ ይጀምራል!» አሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። «በዝምድና የተበላሸ ሊግ ከሚኖረን ሊግ ባይኖረን ይሻላል። ዘመድ ከዘመድ ጋር እንዳይጋጠም ሕግ ይውጣልኝ!»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው፤ ቴምብር ሰብሳቢዎቹ ሳይቀሩ ከጥጋቸው ቀና ብለው አጨበጨቡ። አንቀጽም ወዲያው ብዕሩን መዘዘና በዕጣ ከወጣው የመጀመሪያ ዙር ግጥሚያ ላይ አንዱን መስመር ሰረዘ።

«ሊቀመንበሩ ከልብስ ሰፊው፤ ተሰርዟል።»

«እንዴ! ዘመድ አይደለንም እኮ» አለ ልብስ ሰፊው። «እህታቸውን ነው ያገባሁት።»

«አማች ከሥጋ ዘመድ ይብሳል። ሥጋ ዘመድ ቢያንስ ይጣላል» አለ አንቀጽ።

ሁሉም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ይስተካከል ነበር። ግን ጭብጨባው ገና ከጆሯቸው አልወጣም። «ሕግ ሕግ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አላቸው። ልብስ ሰፊው ወታደሮቹን አንድ በአንድ ከመስኮቱ አንስቶ የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ ከተታቸው። ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ ጎንበስ አለና «ደህና ይሁኑ፣ ክቡር ሊቀመንበር» ብሏቸው ወጣ።

ሊጉ ግን በታቀደለት መሠረት በድል ተጠናቀቀ። ዳኛ ያልሆነው ታግዷል፤ ያልታገደው አኩርፏል፤ ያላኮረፈው ዘመድ ሆኗል። ሊቀመንበሩ ተጋጣሚ ያልቀረበላቸው ብቸኛው ተጫዋች በመሆናቸው ሻምፒዮን ተባሉ። ዋንጫው ሲሰጣቸው ፊሽካ ተነፋ፤ እሳቸውም ውድድሩ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ተናገሩ። ዋንጫውን ቤታቸው ወስደው በባለቤታቸው ፎቶ አጠገብ አኖሩት። ቅዳሜ መጣች። ዋንጫው አልተሳደበም። ያን ቀን ርዕሰ መምህሩ ካልሲያቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ሶፋው ላይ ዋሉ።

ነገሩን የሰበረችው እህታቸው ናት። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ፣ ባሌን ውሰድልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጦርነት! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤት ውሎ መደርደሪያ ያስተካክላል። ያስተካከለውን መልሶ ያስተካክለዋል። የጨው ዕቃዬን ካጣሁት ሰነበትኩ።»

«ሕጉ እኮ...»

«የምን ሕግ? ማነው ያወጣው?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ድመቷ አዩ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ» አለች እህታቸው። «ተነስ፣ ካልሲህን ቀይር፤ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው።»

የጦር ሣጥናቸውን በብብታቸው ይዘው እህታቸውን ተከትለው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ከመቁረጫ ጠረጴዛው ቀና ብሎ በሥራ ድምፁ ተቀበላቸው።

«እንኳን ደህና መጡ። ሱሪ ነው ኮት?»

«ጦርነት ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ የተዘጋጁበት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸውና «ናፍቀኸኛል» ብቻ አሉ።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። ጨርቁን ጠራረገ፤ የታጠፉ ሱሪዎችን እዚህም እዚያም ቆልሎ ኮረብታ አደረጋቸው፤ ኮረብታ ይሁኑ ጉብታ የጠየቀ አልነበረም። እህታቸው ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለደንበኛ ሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ጀመር።

ርዕሰ መምህሩ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ወስነው ነበር። ዛሬ ሊሸነፉ ነው። ይቅርታ ማለት ይህ ነው፤ ያ ምስኪን አንዴ ይደሰት። ፈረሰኞቻቸውን ከሱሪው ቁልል ጀርባ ደበቋቸውና እዚያው ረሷቸው።

ግን መሸነፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን አያውቁም ነበር። ልብስ ሰፊው ምን እንደነካው እንጃ፣ ምርጥ ዘቦቹን አሰልፎ በቀጥታ የመድፎቻቸው አፍ ላይ አቆማቸው። ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው መድፎቻቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ልብስ ሰፊው ምሽጉን ለቆ ወጣ። እሳቸውም ምሽጋቸውን ለቀው ወጡ። ሁለቱ ጦሮች ጠላት ፍለጋ ሳይሆን ሽሽት እየተሽቀዳደሙ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«አንተ ሌባ! ለምን አትተኩስም?»

«አንተስ?»

ርዕሰ መምህሩ ይህን ስድብ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መጨረሻ ላይ የፈረደው ዳዩ ነው። ልብስ ሰፊው በግዴለሽነት ወረወረው፤ ስድስት ወጣ። እንደገና ወረወረው፤ ስድስት። የርዕሰ መምህሩ ጄኔራል ወደቀ።

ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ለእንኳን ደስ ያለህ ዘረጉ። ልብስ ሰፊው ግን ፊቱ አመድ መስሏል፤ የሚያየውም ሚስቱን ነው።

«ሆን ብዬ አይደለም» አላት። «ዳዩ ነው!»

«ምን ብዬህ ነበር?» አለች።

«ምን ብለሽው ነበር?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

እህታቸው ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንግዲህ ከወጣ ወጣ። ጋሼ ብቻውን ነው፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል፣ ብትለቅለት ምን አለበት ብዬ ለመንኩት። እሱም ይኸው ስንት ዓመት ሲለቅልህ ኖረ።»

«የዛሬውን የለቀቅሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እርስዎ?»

ርዕሰ መምህሩ የሱሪውን ቁልል አነሱት። ፈረሰኞቹ አንዳቸውም ንቅንቅ ሳይሉ እንደተሰለፉ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ፈረሰኞቹን አየ፤ ርዕሰ መምህሩን አየ። ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጉዳዩ በተራ ሰዎች እጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

«ግን» አለ ልብስ ሰፊው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ታዲያ ማናችን ነው የሚበልጠው?»

ሳቁ ቆመ።

«እንጫወታ። አሁን ከልብ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ጦሩ እንደገና ተሰለፈ።

«ወርውር።»

«አንተ ቅደም። ግን እንዳትለቅልኝ።»

«አልለቅም። አንተም እንዳትለቅ።»

«አለመልቀቅህን በምን አውቃለሁ?»

«ስነግርህ!»

«ስንት ዓመት ዝም ብለህ ኖረህ የለም እንዴ?»

ዳዩ በመሐላቸው ተቀምጦ ማንም አላነሳውም። ለካ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ገለልተኛ ሰው አይሆንም! ርዕሰ መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው አንቀጽ ጋ ደወሉ፤ ሁለቱም እንዲሰሙም ድምፁን ከፍ አደረጉት። አንቀጽ ጉዳዩን በጥሞና አዳምጦ ለሁለቱም ወገኖች ለሕግ ስላላቸው አክብሮት ምስጋናውን አቀረበ።

«ዳኝነቱን በደስታ እቀበላለሁ» አለ። «ብቸኛው እንቅፋት አማችነታችሁ ነው። እሱ በሕጋዊ መንገድ መፍረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ለመጪው ቅዳሜ ይደርሳል።»

ሁለቱ ጄኔራሎች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና፣ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለዋን ሴት አዩአት።