ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጋር የምትዋጥ

በአገራችን ሰው ብዙ ነገር እምቢ ማለት ይችላል። ሹመት እምቢ ቢል ጨዋ ይባላል። የመጣለትን ትዳር እምቢ ቢል «ዕድሉ ገና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምግብ እምቢ ያለ ሰው ግን ፋይሉ አይዘጋም። «በልቻለሁ» የምትለዋን ቃል እስኪ አስቧት፤ ከተፈጠረች ጀምሮ ማንም አምኗት አያውቅም። የቤቱ ባለቤት እንዳልሰማ ሆኖ ሳህኑን ያቀርባል፣ እናንተም በልታችሁ የመጣችሁት ሰዎች እንደገና ትበላላችሁ፤ የሁለቱም ወገን ክብር ተጠብቆ ቀኑ በሰላም ይመሻል። ይህን ስምምነት ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው የማውቀው እኔው ራሴ አፍርሼው ስላየሁ ነው።

ሐረር አዲሱ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ሆድ ሳብ፣ አገጭ ቀና» እያሉ ለመታወቂያ ማንሳት ነው። የራሴ ሆድ ግን ትእዛዝ መስማት ካቆመ ሰነበተ። ምሳ በበላሁ ቁጥር ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያም ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ማንጎራጎሩ ለእኔ ብቻ የሚሰማ ቢሆን በወደድኩ ነበር። ጨዋ ደንበኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም «ይሄ ካሜራ አረጀ» እላለሁ።

ሆዴን አመመኝ ብላችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ በከተማችን ሐኪም ያልሆነ ሰው አታገኙም። ጨጓራ ነው ተባልኩ፣ አሜባ ነው ተባልኩ፣ የሰው ዓይን ነው ተባልኩ። ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። እሬት ቀመስኩ፤ ምሬቱ እስከ ማግስቱ አብሮኝ ዋለ። አንዱ ደግሞ የግመል ወተት ፍቱን ነው ብሎ፣ ምሎ ተገዝቶ አስጠጣኝ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልናገርም፤ ፎቶ ቤቴ ተዘግታ ዋለች ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ አብዱሽ ልምጣ። አብዱሽ ሸዋ በር ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጥ፣ በየማለዳው ከከተማው ወጣ ካለችው ከሶፊ በሚኒባስ የሚመጣ የጎረምሳነት ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ሸዋ በር ካለችው ፉል ቤት ተገናኝተን ከአንድ ሳህን ፉል እንበላለን። እኔ ክርስቲያን እሱ ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ አብረን አንበላም፤ ባቄላ ግን የሁላችንም ነው። እኔ ስጾም ፉሉ ያለ እንቁላል ይቀርባል፣ እሱም ያለ እንቁላል ይበላል። በሮመዳን ደግሞ ቅዳሜዎቹን እኔም እዘላለሁ። እንዲህ ስንኖር ሁለታችንም ሸበትን። ታዲያ ሆዴ ከከተማው ምግብ ሁሉ መርጦ አምርሮ የተጣላው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከባቄላ ጋር።

ይህን ለአብዱሽ በግልጽ መንገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ከፉል በኋላ የሚሆነውን ነገር፣ ከአንድ ሳህን ለምትበሉት ወዳጃችሁ በየትኛው አማርኛ ትነግሩታላችሁ? አፈርኩ። አንድ ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ሌላ ቅዳሜ እንግዳ መጣብኝ አልኩ። ሴት ልጁ ሐናን ስትዳር ከተማ ውስጥ በተደረገው ምሳ ላይ ተገኘሁ፤ እሑድ ሶፊ ላይ ከነበረው ድግስ ግን ሆዴ ሲቆርጠኝ አድሮ ቀረሁ። በኢድ ዕለት ደግሞ ቤቱ ሄጄ ቁጭ አልኩና ውሃ ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ። ምናለ ባልሄድኩ! በበዓል ቀን ሰው ቤት ገብቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ሰው ቂም እንደያዘ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም። አብዱሽ መደወሉን አቆመ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ማየት ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቁርጠቱ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ነው።

«ከአብዱሽ ከምትለያይ ለምን በደንብ አትመረመርም?» አለችኝ ባለቤቴ ሮማን። ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ያልጠየቀችኝ ነገር የለም። ጨጓራዎ ደህና ነው አለችኝ። ባቄላ ውስጥ የሰው አንጀት ማፍረስ የማይችለው ስኳር አለ፤ አንዳንዱ ሆድ ችሎ ያሳልፈዋል፣ የእኔ ግን ይቆጣል። ማፍረሻው ኢንዛይም ይባላል፣ በኪኒን መልክም አለ። «ፈውስ አይደለም፣ ለሁሉም ሰውም አይሠራም፤ ግን እንሞክረው» አለች። የኪኒኗ ደንብ አንድ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጋር መዋጥ። ቀድሞም አይሆን፣ በልቶ ከጨረሱ በኋላም አይሆን። ሐረር ውስጥ ፈልጌ ስላጣኋት የሮማን እህት ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። (እናንተ ግን እኔን ሰምታችሁ፣ ሳትመረመሩ እንዳትገዙ፤ የግመል ወተቱም የመጣብኝ በሰው ምክር ነው።) በሽሮ ጀመርኩ። ሆዴ ትንሽ አጉረመረመና ተወ። በምስር ደገምኩ፤ ደህና አደርኩ። ጠዋት ለራሴ ፈገግ እያልኩ ተነሳሁ።

በዚህ መሃል ሁለት ሽማግሌዎች ፎቶ ቤቴ ገቡ፤ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ጋሽ መኮንንና የሸዋ በሩ ሐጂ ዩሱፍ። ለመታወቂያ የመጡ መስሎኝ ሐጂን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ኮፍያቸውን አስተካከልኩ፣ «አገጭዎን ቀና» አልኩ፣ ቀና አደረጉ፣ አነሳኋቸው። ጋሽ መኮንንንም አነሳሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኛ እንኳ የመጣነው አንተንና አብዱሽን ለማስታረቅ ነበር» አሉ።

«ጠብ የለንም እኮ ሐጂ። ፉል አልስማማኝ ብሎ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። «ሱብሃነላህ! ዕድሜ ልክህን የበላኸው ፉል?» አሉ ሐጂ። ጋሽ መኮንንም «ለሽማግሌ ቁም ነገር ይነገራል፣ ታደሰ» ብለው ገሠጹኝ። ባስረዳ ባስረዳ ሊያምኑኝ አልቻሉም። እውነት ተናግሮ ሳይታመኑ ከመቅረት ያልነበረ ጠብ መታረቅ ቀለለኝና እሺ አልኩ። እርቁ ለቅዳሜ፣ ያው ፉል ቤት ተቀጠረ። የፈራሁት እዚህ ላይ ነው። እርቅ ያለ ማዕድ አይጸናም፣ ማዕዱ ፉል ነው፣ ኪኒኗን ደግሞ በፉል ገና አልሞከርኳትም። ባልበላ አብዱሽን አጣሁት ማለት ነው። በልቼ አሞኝ ብነሳ ደግሞ እርቅ ረግጦ ወጣ ሊባል ነው።

ቅዳሜ ኪኒኗን መዳፌ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ለሁሉም አሳይቼ ነገሩን ልገላገለው አስቤያለሁ። ፉሉ መጣ፤ ላዩ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይት፣ አጠገቡ ትኩስ ፉርኖ ዳቦ። ሽማግሌዎቹ መረቁና «በሉ፣ ያጠፋ ይናገር» አሉ። አፌን ሳልከፍት አብዱሽ ቀደመኝ።

«ታዴ፣ በምን እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ» አለ። «የሐናን ሠርግ ላይ ፎቶ አይነሳም ያልኩህ ወላሂ ውሸቴን ነው። ልጅቷ ናት ያስቸገረችኝ። ጋሼ ታዴ ያነሳው ሰው ሁሉ መታወቂያ ላይ እንዳለ ሰው ነው አለች። ከድሬዳዋ ፎቶ አንሺ አስመጣንና እሑድ ሶፊ ላይ ተነሱ። ድሮንም ነበር።»

ድሮን! ይህን ሁሉ ስሰማ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ፎቶ አይነሳም ሲለኝ ለሃይማኖቱ ጥብቅ ቢሆን ነው ብዬ፣ ለሮማን ሁሉ አድንቄ አውርቼላታለሁ። ሐናንን ከአንደኛ ክፍል ጉርድ ፎቶዋ ጀምሮ ያነሳኋት እኔ ነኝ! ደሜ ፈላ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ያለ ጠብ ለእርቅ ተጠራሁ፣ ጠቡን ያገኘሁት ማዕዱ ላይ ነው።

መዳፌን ልከፍት ነበር። «ይቺን አየሃት? እኔ ያኮረፍኩት ባቄላን ነው» ልለው ነበር። ግን አብዱሽ በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል። ይህ ሰው ስንት ወር ሙሉ ይህን ተሸክሞ ኖሯል፤ አሁን በከንቱ ተናዘዝክ ልበለው? አልሆነልኝም። ፉርኖ ቆረስኩ፣ ኪኒኗን ውስጡ ሸጎጥኳት፣ ከፉሉ አጥቅሼ ዋጥኩ። «አዎ፣ እሱ ነበር። አልፏል» አልኩ። ሐጂ «አልሃምዱሊላህ!» አሉ። ሳህኑን ጠርገን በላን። ሆዴ ትንሽ አንጎራጎረ እንጂ አልቆረጠኝም፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ፎቶ ቤቴን ከፍቼ ሠራሁ። ደስታዬን ለመግለጽ ቃል የለኝም። ሽማግሌዎቹም ከባድ ጠብ እንደፈቱ ዛሬም ድረስ ያወራሉ፤ እኔም አላስተባብልም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን ተመለሰ። በአንዱ ቅዳሜ ግን ኪኒኗ ከፉርኖው ሾልካ ፉሉ መሃል ወደቀች። አብዱሽ በጣቱ አወጣትና ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። ሰው ደስ ሲለው ምላሱ ይፈታል፤ ከግመል ወተቱ ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። መጀመሪያ ለሆዴ አዘነልኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ።

«ቆይ እስኪ። ያን ቀን ስለ ድሮኑ አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አቦ! ሽማግሌ ፊት ያስለቀስከኝ በባቄላ ነው?»

ሳህኑ እንደተጋመሰ ጥሎኝ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም፣ ብደውልም አላነሳም። ሐጂ ዩሱፍ ዘንድ ሄጄ አስታርቁን ብላቸው፣ «እኛ ያስታረቅነው ሰው አይጣላም» ብለው መለሱኝ።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ እንደወትሮው የሁለት ሰው ፉል አዘዝኩ። ፉርኖው በቀኜ፣ ኪኒኗ በግራ መዳፌ፤ ግን ያለ እሱ መጀመር አቃተኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ወራት የናፈቀኝ ባቄላው አልነበረም። የሶፊ ሚኒባስ ቆመ፣ አብዱሽ ወረደ። ገብቶ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። አሳላፊው ምን ልታዘዝ ቢለው በእጁ ቆይ አለው። በመጨረሻ ተነሳና ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ፊቱን እንዳኮሳተረ ፉርኖ ቆረሰና ግራ መዳፌን አየት አደረገ።

«ዋጣትና እንጀምር» አለ፤ «ፉሉ እኮ ቀዘቀዘ።»