ሰፌድ ላይ የተሰጣ ኪቦርድ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፌድ ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ሰፌዱ ላይ ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

የኪቦርዴ ቁልፎች ነበሩ። ቤቴ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ ተጣልቼ፣ ታርቄ፣ ራሴ ነኝ የለመድኩት። ኪቦርዱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጸዳ ከርሞ፣ አንዱን ፊደል አንዴ ስነካው አምስቴ ይጽፍልኝ ጀመር። እትዬ በለጥሻቸው ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ይግባኛቸውን ሊያስጽፉ ይመጣሉ። በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ካልገባላቸው ጎረቤታቸው ያለቻቸውን አንዲት መውጫ በራቸውን በግንብ ሊዘጋባቸው ነው።

ስለዚህ ቁልፎቹን በማንኪያ እጀታ እየፈነቀልኩ ነቀልኳቸው። ከሥራቸው የወጣው ጉድ ነው! ቆሎ፣ ፀጉር፣ የቂጣ ፍርፋሪ፣ ቆሎውን በልታ የሞተች አንዲት ጉንዳን። የአክስቴ ልጅ ናሁሠናይ፣ በኮምፒውተር ዲግሪ ያለው፣ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ከመንቀልሽ በፊት ፎቶ አንስተሻቸዋል?»

«ለምን? ሊዳሩ ነው?»

«ቦታቸው ይጠፋብሻላ! ይሄ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ማራኪ።»

«ባለሙያዋ ፊትህ ቁጭ ብላለች። ይልቅ አንተ ዲግሪህን ወልውል፤ አቧራ ጠጥቷል።»

እልህ ያዘኝና ሳፋው ላይ በረኪና ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። እኛ ቤት በረኪና ያልነካው ነገር ታጠበ አይባልም። ሽታው ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ፊቴን አዙሬ ለቅለቅ አደረግኳቸውና ሰፌድ ላይ ዘረገፍኳቸው። ከዶሮ ልጠብቃቸው ብዬ አጠገባቸው ጋደም አልኩ።

ቁልፎቹ ብድግ አሉ። በዚያችው ማንኪያ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየፈነቀሉ ነቀሏቸው። አላመመኝም፤ ጧ፣ ጧ ብቻ አለ።

«ጥፍሯ ሥር ያለውን እዩልኝ!» አለ ረጅሙ ቁልፍ። «ቆሎ! ሦስት ዓመት ሙሉ እላያችን ላይ እየበላች፣ ቆሻሾቹ እኛ ተባልን።»

«በረኪና ጨምሩባት!» አሉ ትንንሾቹ።

ጣቶቼ ሳፋው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ትቻቸው ሮጥኩ። ፍርድ ቤቱ ጓሮአችን ውስጥ ነበር። ዳኞቹ ካባቸውን እንደለበሱ፣ ማመልከቻቸውን በፌስታል ይዘው፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እትዬ በለጥሻቸው ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«የተከበሩ እትዬ፣ ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፍነው» አሉ አንድ ሸበቶ ዳኛ።

«ሲስተም የለም። ነገ ኑ!» አሉ እትዬ፣ ቀና ሳይሉ።

ዳኛው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሐዘኑ አልለየሁም።

በሩን የምትጠብቀው የጎረቤታችን ቀይ ዶሮ ነበረች። የሚገባውን ሁሉ ምንም አለመማሩን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠይቃለች። ናሁሠናይ ዲግሪውን በበረኪና እያሸ ያለቅሳል።

«እመኑኝ! በራሴ ጥረት ነው ያልተማርኩት!»

ዶሮዋ ጠጋ ብላ ሸተተችውና ወደ ኋላ መለሰችው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? ማን አስተማረሽ?»

«ማንም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ምስክር አለሽ?»

«አሥር አሉኝ። ጣቶቼ።»

«የት አሉ?»

«ሳፋው ውስጥ» አልኩ።

ሰልፈኛው ዳኛ ሁሉ ሳቀብኝ። በዚህ መሐል ግንበኞቹ መጡ። የእትዬን በር የሚዘጉት ከላይ ወደ ታች ነበር፤ መጀመሪያ ጫፉን አየር ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ ድንጋዩን ከሥሩ ይደረድሩ ጀመር። እትዬ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ግንቡ ወደ አናታቸው ወረደ።

«አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ እንጂ! መውጫዬ እኮ አለቀ!»

ተመልሼ ጣቶቼን ከሳፋው ውስጥ አፈስኩ። የትኛው የቱ ጋ ነበር? አውራ ጣቴን በትንሿ ቦታ ሰካኋት፣ ወደቀች። የቀለበት ጣቴን ለግራ ስሰጠው የቀኝ ነኝ ብሎ ተቆጣኝ። ምነው ፎቶ ባነሳሁ! ግንቡ የእትዬን ሻሽ ነካ። ልጮህ አፌን ስከፍት ዶሮዋ ጣቴን ነከሰችኝ፤

ነቃሁ።

እውነትም ዶሮዋ ጣቴን እየጠቀጠቀች ነበር። ቆጠርኩ፤ አሥሩም አሉ፣ ተመስገን። ከዚያ ሰፌዱን አየሁ። በረኪናው ፊደሎቹን አንድ ሳያስቀር በልቷቸዋል። ቁልፎቹ ሁሉ እንደ ባቄላ ክክ ተመሳስለዋል፤ አንዱ ደግሞ ጎድሏል። ዶሮዋን አየኋት። እሷም አየችኝ፣ የሆነ ነገር ዋጥ እያደረገች።

እትዬ በለጥሻቸው ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ናሁሠናይ ከኋላቸው።

«ነግሬሽ ነበር» አለኝ።

ያኔ ነው ሳቄ የመጣው። ፊደል ከሌለማ ቦታው የሚሳሳት ቁልፍም የለም! እንደመጡልኝ ሰካኋቸው። ክፍተቷን በዕድሜዬ ነክቻት ለማላውቃት ለዚያች የጥግ ቁልፍ ተውኩላት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይበሉ እትዬ፣ ይናገሩ።»

ተናገሩ። ጣቶቼ ቤታቸውን ያውቁታል፤ አንዱም ፊደል አልተጣበቀም። ይግባኙ ከነሙቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ እትዬ «እፎይ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፣ በራቸውን ሊያስጥሉ ሄዱ።

ናሁሠናይ ሹልክ ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ስሙን ሊጽፍ ሞከረ። አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ፣ ቀና አለ።

«ማራኪ… የስሜ መጀመሪያ የት ነው ያለው?»

«ሳፋው ውስጥ» አልኩት።