ራዲዮው እውነት የተናገረ ዕለት

የመንግሥት ራዲዮ ባለበት አገር የሚኖር ሰው ሁለት ኑሮ አለው። አንደኛው ራሱ የሚኖረው ነው። ሌላው ማታ ማታ በዜና የሚነገርለት ነው። እኔ በዜና የሚነገርልኝን ኑሮዬን በጣም እወደዋለሁ። እዚያ መብራት አይጠፋም፣ ዳቦ አይወደድም፣ እኔም ሁልጊዜ ደስተኛ ነኝ። አድራሻውን የሚነግረኝ ጠፋ እንጂ ዕቃዬን ጠቅልዬ በገባሁበት ነበር።

በሁለት አገር ራዲዮ ሥር አልፌያለሁ። አገሬ መምህር ሳለሁ የሰማሁትና ኻርቱም ከመጣሁ ወዲህ የሰማሁት በቋንቋ ይለያዩ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ስለ እኔ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሁለቱም «ሕዝቡ» ሲሉ እኔን ማለታቸው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የሚያወሩለት ሰው እኔን ፈጽሞ አይመስልማ!

አንድ ጊዜ እንዲያውም «የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን ሚናና ኃላፊነት» የተባለ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ። ማን ጠራህ አትበሉኝ፤ ማንም አልጠራኝም። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የኻርቱም ገበያ የስልክ ሽፋን ከምሸጥበት ቦታ ፊት ለፊት ባለ አዳራሽ ስለነበረና ምሳ እንዳለው ስለሰማሁ ነው የገባሁት። ከረባት ያሰረ ሰው ተነሥቶ የሕዝብ ጣቢያ ሥራው ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት ነው አለ። አጨበጨብን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ ድልድይ መቼ እንደሚዘጋ ለሰው መናገር ከሦስቱ በየትኛው ሥር ነው የሚመደበው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከሻይ በኋላ ይመለሳል ተባለ። ከሻይ በኋላ ግን ተናጋሪው ራሱ አልተመለሰም። ምሳው ግን ጥሩ ነበር፤ የሰው ውለታ አልክድም።

የእኔም ነገር የድልድይ ነገር ነው። የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ትልቁ ችግራችን የተዘጋ ድልድይ በነበረበት በደጉ ዘመን ነው። ደግ ዘመን መሆኑን ያኔ ከራዲዮው በቀር የነገረን አልነበረም፤ እሱን ደግሞ ማን ያምነዋል?

የምንኖረው ኦምዱርማን ነበር። ሱዳኖቹ ሆሽ በሚሉት ሰፊ ግቢ ውስጥ በአንዱ ክፍል እኔ፣ በሌላው እትዬ ዘነበችና ልጃቸው አልማዝ። እትዬ ዘነበች የዕድሜያቸውን ግማሽ ያሳለፉት ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሠፈር ባሉ ቪላዎች የሰው ቤት ሲያጸዱ ነው። በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ጡረታ ማለት ወገባቸው እምቢ አለ ማለት ነው። አልማዝ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደብ ወርዶ የክርስትና አባት የሚፈልግ ስለጠፋ፣ ማዕረጉ ለእኔ ደረሰኝ። ግቢው ውስጥ ነጭ ሱሪ ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔ ሳይረዳኝ አልቀረም።

መቼም ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው። ቄሱ ችግር ከገጠመ ቀኑ ቢያልፍም ልጁ እንደማይቀርበት ደጋግመው አስረድተዋል፤ እትዬ ዘነበች ግን ወይ ፍንክች! አልማዝ ከዚህ በፊት የወለደችው ልጅ ክርስትና ሳይነሣ ነው የሞተባት። እትዬ ዘነበች ይህን በአፋቸው አያወሩትም። ማታ ማታ ግን ቀኑን በጣታቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ። አርባው የሚሞላው እሑድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ፣ ኻርቱም።

አሁን ስለ ራዲዮው። ራዲዮው የእትዬ ዘነበች ነው፤ አሰማማቸውም የራሱ ሕግ አለው። ዘፈን ሲሆን ከፍ ይደረጋል። ዜና ሲሆን ዝቅ ይላል። ታሪክ ሲጀምር ቀጭ! ይዘጋል። የመንግሥት ራዲዮ ደግሞ ታሪክ ሲወድ አይጣል ነው፤ የዛሬው አልሆን ሲል ስለ ጥንቱ ማውራት ምን ወጪ አለው? እትዬ ዘነበች የራዲዮውን ዐረብኛ ባይከተሉትም «ታሪኽ» የምትለዋን ቃል ግን አይስቷትም። የእኛዋ ታሪክ ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት የመጣች።

እዚህ ላይ መምህርነቴ ይቀስቀስብኝና ስለ ዐረብኛ አንድ ነገር ልበላችሁ። መንገድ በገበያው ዐረብኛ «ጠሪግ» ነው። ከሾፌር ጋር፣ ከቲማቲም ሻጭ ጋር፣ ከፖሊስ ጋር ጠሪግ ነው። ጠሪግ ካላችኋቸው እትዬ ዘነበች የትኛው ጠሪግ ጭቃ እንዳለበት ሁሉ ይነግሯችኋል። የራዲዮው ሰውዬ ግን ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱ የሚናገረው የመጽሐፉን ዐረብኛ ነው፤ በመጽሐፉ ደግሞ መንገድ «ጠሪቅ» ነው። እንግዲህ ይህችን ጠሪቅ ያዙና፣ በአሮጌ ራዲዮ የሽሽሽ ድምፅ ለውሳችሁ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ላለ የአማርኛ ጆሮ አቀብሉት። ምን ሆና ትገባለች?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ለነገው ድግስ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ራዲዮው ይዘፍናል። በመሀል ዘፈኑ ተቆረጠና ድምፁን በካውያ የተኮሰው የሚመስል ሰውዬ መጣ። «ጠሪቅ» አለ። እትዬ ዘነበች «ደሞ ታሪካቸውን ጀመሩ!» ብለው ቀጭ አደረጉት። እኔ ጓሮ ራሴን እየታጠብኩ ስለነበር የሰማሁት የእሳቸውን ቃል ብቻ ነው። ታሪክ ከሆነማ ይዘጋ ብዬ ሳሙናዬን ማሸት ቀጠልኩ።

እሑድ ማለዳ ተነሣን። ልጁ ከጥምቀቱ በኋላ ሥጋ ወደሙ ስለሚቀበል ጡት አልተሰጠውም። ያሳፈረን የሠፈራችን የአምጃድ ሾፌር ኡስማን ነው፤ አምጃድ ማለት ስድስት ሰው ተሳፍሮባት አሥራ ሁለት ጉልበት የማያስገባ ታክሲ ናት። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ አልማዝ ልጇን ታቅፋ ከኋላ፣ እኔ በነጭ ሱሪዬ እግሬ ሥር የዶሮ ወጡን ድስት ይዤ ጉዞ ጀመርን። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል፤ ከፊት ወታደሮች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል።

ወርጄ አንዱን ወታደር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያላገኘ። ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ራዲዮ አትሰማም እንዴ አለኝ። ትናንት ተነግሯል አለ፤ ትልቅ እንግዳ ስለሚያልፍ ጠሪቅ እስከ ቀትር ዝግ ነው፣ ጉዳይ ያለው ሰው በሌላው ድልድይ ጎሕ ሳይቀድ ይሻገር ተብሏል። ጠሪቅ ያለው እንደ ራዲዮው ነው፣ በቃሉ አጥንቶት ኖሮ። ጎሕ ከቀደደ ደግሞ ቆይቷል። ተመልሼ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ታዲያ ታሪክ ታሪክ የሚለው መንገዱን ኖሯል እንዴ ብለው ጠየቁኝ።

ደግነቱ ብቻችንን አልነበርንም። ኡስማን ራዲዮ የሚከፍተው ኳስ ሲኖር ብቻ መሆኑን በወላሂ አረጋገጠልን። ቲማቲም የጫነ ሌላ ሰውዬ እንዲያውም ማስታወቂያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቷል። ሰምተህ ለምን መጣህ ስለው፣ ይዘጋል ካሉማ አይዘጋም ብዬ ነው አለኝ። የቀረውም ሰው እንዲሁ ነው። ወሬው ከመኪና ወደ መኪና ሲሻገር የብዙውን ሰው ፊት አየሁ፤ ከመንገዱ መዘጋት ይልቅ የገረመው ራዲዮው እውነት መናገሩ ነው። አንዳንዱማ የተከዳ ነው የሚመስለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አልፎ አልፎ እውነት የሚናገር ራዲዮ ጨርሶ ከማይናገረው የባሰ ጣጣ አለው፤ ቀኑ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይነግራችሁማ። የሕዝብ ጣቢያ ማለት እኮ ለእንዲህ ዓይነቷ ማለዳ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚታመን ነገር ነበር። ይህን ታላቅ ሐሳብ ያሰብኩት የወጥ ድስት ታቅፌ ነው፤ ሐሳቤ ግን ድልድዩን አልከፈተውም።

ፀሐይ ወጣች። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ቀጥሎ እንደ ተበደለ ሰው። የአልማዝ ጡት ልብሷን አራሰው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቄሱ ደውለው ቅዳሴው ሊጀመር መሆኑን ነገሩን። የእትዬ ዘነበችን ጣት አየሁት፤ የሚቆጠር ቀን ሳይኖር ይቆጥር ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ልጁ ዛሬ ሳይጠመቅ ቀርቶ ነገ ትንሽ ቢያተኩሰው እኒህ ሴትዮ ምን ይሆናሉ ብዬ ፈራሁ።

ወታደሩ የልጁ ጩኸት ሲበዛበት መጣና አልማዝን ተቆጣት፤ ምን ዓይነት እናት ነሽ፣ ለምን አታጠቢውም አላት። አልማዝ አንገቷን ደፋች። ነገሩን ላስረዳው ቃል ፈለግሁ። ቅዳሴን፣ ቁርባንን፣ አርባ ቀንን በየትኛው ዐረብኛ ልንገረው? ሌላ ቃል ስላጣሁ «ሳይም ነው» አልኩት፤ ጾመኛ ነው ማለቴ ነው። ወታደሩ ፊቱ ተለወጠ። ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። አርባ ቀኑ ዛሬ ነው አልኩት። ወላሂ? አለ። እሱ ራሱ ጾም የጀመረው ጢም ሊያወጣ ሲል መሆኑን ነገረኝና፣ ልጁን አጎንብሶ ትልቅ ሰው እንደሚያይ አየው። ከዚያ ወደ አለቃው ሮጠ። ሲመለስ፣ ያላ ያ ሐጃ፣ በሉ እናቴ፣ በእግር፣ ቶሎ፣ ጠርዝ ጠርዙን አላቸው እትዬ ዘነበችን። ስለዚያ ወታደር ዜና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚህ ነው እኔ የምነግራችሁ።

ኡስማን ከወጡ ጋር ቀረ። እኛ በባዶው ድልድይ ላይ ነጭ በነጭ ሆነን፣ ጥላ ዘርግተን፣ የሚጮኽ ልጅ ይዘን ግማሽ ሩጫ ጀመርን። መሀል ላይ ስንደርስ ከኋላ ፉጨት ተሰማ። እንግዳው መጣ! ቁሙ ተባልንና ብረቱን ተደግፈን ቆምን። ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች ተግተልትለው አለፉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ላይ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰው ካሜራውን ደቅኖ ተቀምጧል። እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ አምላኬ እነዚህን ሰዎች ቶሎ አሳልፍልኝ እያሉ ይለምናሉ። ልጁ ያለውን ኃይል ሁሉ አውጥቶ ይጮኻል። እኔ ነጠላዬን ንፋስ ወሰደብኝና እሷን ለመያዝ አየሩን እቀዝፋለሁ።

ደረስን። ለጥቂት ደረስን። ልጁ ተጠመቀ፣ ማተቡ ታሰረለት፣ ቆረበ። አልማዝ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታጠባው የጉሮሮው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ግድግዳውን ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም፤ ከዚያን ቀን በኋላ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ግቢያችን ተመልሰን፣ ኡስማን በታማኝነት ያቆየልንን ወጥ በልተን፣ እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ራዲዮው ዜና ጀመረ። ያ ባለ ካውያው ሰውዬ ነው። እትዬ ዘነበች ከመንገዱ ነገር ወዲህ ስለፈሩት ምን እንደሚል ቃል በቃል ንገረኝ አሉኝ። እኔም በአማርኛ መለስኩላቸው፦ የከተማው ሕዝብ ዛሬ ታላቁን እንግዳ ለመቀበል ከማለዳ ጀምሮ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ዋለ። ወንድሞቻችን ሐበሾች የባህል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ በራሳቸው ፈቃድ ተገኙ። አሮጊቶች እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ሕፃናት ሳይቀሩ በደስታ አለቀሱ። እንግዳው ማን እንደነበረ ግን፣ እኛን ሲያመሰግን ሰዓቱ አለቀበት መሰለኝ፣ ሳይናገር ቀረ።

እትዬ ዘነበች አማተቡ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ ድካም መጣ። አልማዝ ግን አልሳቀችም። ጠግቦ የተኛውን ልጇን ቁልቁል እያየች፣ «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ዘንድ ታዲያ የራበው ልጅ እንዴት አድርጎ ነው የሚያለቅሰው?»